የሆሳዕናው አስረጂና በጋላክሲው ዙሪያ ያለው ጋዝ

ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ መምህር ጴጥሮስ ቤታችን በር ላይ ከባጃጅ እየወረደ ነበር። አንድ እግሩ መሬት ነክቷል፤ ሌላው ገና ባጃጁ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ፈትሁዲን ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይሰማዋል።

«እንግዲህ ጋዙ ሞቀ» አለ ጴጥሮስ። «ሞቆም አልረጋም። ካልረጋ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው…»

ከኋላቸው የቆመ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ጴጥሮስ «የቀረውን ነገ» ብሎ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ አልተነሳም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለን።

አንደኛው ምን እንደሆነ ፈትሁዲን አያውቅም። እኔም አላውቅም። ልዩነታችን ፈትሁዲን እስከ አንደኛው ድረስ ያለውን በሙሉ ተነግሮታል፤ እኔ ሚስቱ ግን ከመግቢያው አንዲት መስመር እንኳ አልደረሰችኝም። ይህን የምጽፈው አዝኜ ነው፤ ቀንቼም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አንባቢ ይፍረድ።

በየከተማው አንድ አስረጂ አለ። ዱራሜም አለ፣ ዶዮገናም አለ፣ እናንተም ሰፈር አለ፤ ይህን ስታነቡ ስሙን በሆዳችሁ ጠርታችሁታል። ስንት ሰዓት ነው ብትሉት ሰው ሰዓትን እንዴት እንደፈጠረ ይነግራችኋል። ዝናብ ይመጣል ወይ ብትሉት ከባሕር ይጀምራል። መልሱ ሲደርስ ልብሳችሁ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቧል። አስረጂ ሰውን ለማታለል አይናገርም፤ ለመታየትም አይናገርም። ያወቀውን ነገር ብቻውን ይዞ መቀመጥ አይችልም፤ እንደ ትኩስ ድንች ከእጁ ወደ እጃችሁ ማሳለፍ አለበት።

የእኛ ከተማ የሆሳዕና አስረጂ ክቡር መምህር ጴጥሮስ ነበሩ። የዳምቦያ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር፣ የሁለት እድር አባል። አነጋገራቸው የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ።» ይህን የሰማ የከተማችን ሰው መቀመጫ ይፈልጋል።

እኔ በአንድ ኮሌጅ የተማሪዎች ማህደር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ማን መቼ እንደተመዘገበ፣ ምን ውጤት እንዳመጣ፣ የማን ስም በየትኛው ሰነድ ላይ እንደተሳሳተ ማወቅ ሥራዬ ነው። ስለዚህ ሰው ስከስስ በወሬ አልከስም፤ ማስረጃ አቀርባለሁ።

ማስረጃ፤ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ አንድ ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጣ። ክቡር አስረጂ ከታች ቆመው ኤሌክትሪክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስረዱት ጀመር። ሰውዬው መጀመሪያ «እሺ አባቴ» ይል ነበር። ቀጥሎ ዝም አለ። በመጨረሻ ከላይ ሆኖ ጮኸ። «ጋሼ! ይህን ሽቦ ልያዘው ወይስ አልያዘው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ!»

«ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ» አሉት።

ሌላ ማስረጃ፤ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በእንሰት ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ። ጴጥሮስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ተራው ሲደርስ «የምትጣሉበት አፈር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» አለና ከፈነዳ ኮከብ ጀመረ። ኮከቡ ፈንድቶ፣ አቧራው ተሰብስቦ፣ ምድር ሆና፣ ምድር ቀዝቅዛ ገና እንሰት ሳይበቅልባት ቀኑ መሸ። ታላቅየው ተነሳ። «እኔ ድንበሩን ለቅቄለታለሁ። ላሞቼ አልታለቡም።» ታናሽየው «የለም፣ የምለቀው እኔ ነኝ! እኔም የምሄድበት አለኝ» አለ። እኔ ልልቀቅ እኔ ልልቀቅ ተባብለው እንደገና ሊጣሉ ሲሉ ሽማግሌዎቹ መርቀው አሰናበቷቸው። እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር አልስማማ ያለ ሰው ካለ «ቲቸርን እንዳንጠራብህ» ይሉታል።

እንዲህ ያለው ሰው ቤቱ ሲገባ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?

ክቡር አስረጂ ክብራቸውን ከጫማቸው ጋር በር ላይ ያወልቁ ነበር። «ደህና ዋልሽ?» «ደህና።» «ምን ስታወሩ ዋላችሁ?» እለዋለሁ። «ምንም።» ይኼው ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ለፀጉር አስተካካይ ስለ ጨረቃ ያስተማረ ሰው ለእኔ «ምንም» ይዞልኝ ይመጣል። «ምንም» ደግሞ ማህደር አይከፈትለትም።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ስንጋባ ለእኔም ያስረዳኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁትን የማረጋግጥ ሰው ነኝ። «ይህን ከየት አገኘኸው?» እለዋለሁ። «ባለፈው ሳምንት ሌላ ነበር ያልከው» እለዋለሁ። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ሙያዬ ነው። ዓመት ዓመትን ሲተካ ግን ማስረዳቱ ከቤት እየወጣ ሄዶ ከተማውን ወረሰ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አዲስ ነገር ያዘው። ስልኩ ላይ ያነበው ነገር ነው፤ የጠፈር ጨረር ይባላል። ይህ ጨረር በጋላክሲዎች ዙሪያ የተንጣለለውን ጋዝ እንዴት እንደሚያሞቀውና እንደሚያናጋው ለከተማው ሁሉ ማስረዳት ጀመረ። የሰማሁት ከእሱ አይደለም። የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ እሷም ከቆጮ ሻጭ ሰምታ ነው። ባሌ የያዘውን ጉዳይ በሦስተኛ እጅ ሰማሁ ማለት ነው።

ከሁሉም የበለጠ የተነገራት ትርፊት ናት። ትርፊት ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላት። ጴጥሮስ ከክፍል ወጥቶ እሷ ጋ ይቀመጣል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ጋዙ ይሞቃል። ቀናሁ። ነገሩ የፍቅር ቢሆን መላ ነበረው፤ አባ ይጠራሉ፣ ሽማግሌ ይላካል። ባሌ ለሌላ ሴት ስለ ጋላክሲ ጋዝ አስረዳ ተብሎ ግን ለየትኛው ሽማግሌ ይከሰሳል? ያውም ሽማግሌው ራሱ ጴጥሮስ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሳልናገር ሻይ ቤቷ ገባሁ። ድምፁ ከበሩ ይሰማል። «ስለዚህ ጨረሩ ጋዙን በቀጥታ አይመታውም፤ መጀመሪያ ማግኔቱን…» ይላል። ትርፊት ማንኪያ ይዛ ቆማለች። ሁለት አስተማሪዎች፣ አንድ የጋሪ ነጂ፣ ፈትሁዲን፣ ሁሉም ወደ እሱ ዞረዋል። እሱም በእጁ አየሩን ይጠቀልላል። ፊቱን ባያችሁት! እንዲህ ያለ ፊት እቤት ኖሮት አያውቅም። ከዚያ አየኝ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«መጣሽ?» አለኝ።

«ቀጥል» አልኩት።

«አይ፣ ጨርሻለሁ። ትርፊት፣ ለመስከረም ሻይ።»

እንዳልጨረሰ ሁሉም ያውቃል። ሻዬን ጠጣሁ። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሲሞት እንግዲህ እንዲህ ነበርን።

እኛ አገር ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። በከተማው የብዙ ሰው የሕይወት ታሪክ በእኔ እጅ አልፏል፤ ዓመተ ምህረቱን አስተካክላለሁ፣ ያልተማረበትን ትምህርት ቤት እሰርዛለሁ። የባሌን ግን የሚያሳየኝ አልተገኘም። «ኀዘንተኛ ናት፣ አናስቸግራት» ተባለ። የጻፉት የእድሩ ጸሐፊ አቶ አቤሴሎም ናቸው። አቶ አቤሴሎም አባታቸው ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም በአንድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው፤ የሰው ሕይወት ሁሉ ለእሳቸው የሥራ መሸኛ ነው። ሟች ምን ይሠሩ ነበር ብለው ሰፈሩን ጠየቁ። ሰፈሩ የነገራቸውን ሁሉ ጻፉ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሬሳ ሳጥኑ ፊት፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ቆሟል። አባ መጽሐፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አቶ አቤሴሎም መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። ዳምቦያ ተወለዱ፤ ትክክል። የተወለዱበት ዓመት ተሳስቷል፤ ጥርሴን ነከስኩ። አስተማሩ፣ አገቡ፤ ትክክል። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«መምህር ጴጥሮስ በማስተማር ሥራቸው ብቻ ሳይወሰኑ፣ በጋላክሲዎች ዙሪያ የሚገኘውን ጋዝ በማሞቅና በማናጋት ለረጅም ጊዜ በቅንነት አገልግለዋል።»

 ማንም አልሳቀም። እንዲያውም ከፊት የቆሙት አንዲት እናት ራሳቸውን እየነቀነቁ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ አነቡ። ጴጥሮስን የሚያውቅ ሰው ይህን ሠራ ቢባል አይጠራጠርም።

ከወንዶቹ መካከል ፈትሁዲን አላስችል አለው። «ኧረ እሳቸው አይደሉም! ጨረሩ ነው የሚያሞቀው!»

«ጨረሩም ራሱ አይደለም» አለች ትርፊት ከሴቶቹ በኩል፣ እንባዋን እየጠረገች። «ሞገዱ ነው። ጨረሩ ሞገዱን ያነሳል፣ ሞገዱ ጋዙን ያሞቃል።»

አቶ አቤሴሎም ከወረቀቱ ላይ ቀና አሉ። «አስተያየቱ ተይዟል» አሉ፤ «በሚቀጥለው ይታረማል።»

«የሚቀጥለው የት ነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ሰዎቹ ደግፈው ያዙኝ፤ እያለቀስኩ መስሏቸው ነበር። ስስቅ ነበር፤ ስቄ ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመርኩ። በሳቁና በልቅሶው መካከል ግን ሌላ ነገር ነበር። ትርፊት ሞገዱን ታውቃለች። በባሌ ቀብር ላይ የባሌን ታሪክ የምታርመው እሷ ናት። ያ የእኔ ሥራ ነበር!

ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተክሎ ሰው ይመጣል ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተገናኙ፤ ትርፊት፣ ፈትሁዲንና አቶ አቤሴሎም። እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ። ነገሩን የጀመሩት አቶ አቤሴሎም ናቸው፤ ስህተታቸው አላስተኛቸውም።

«እስቲ ይህን ነገር በቅደም ተከተል ያዙልኝ» አሉ። «ጨረር የተባለው ምንድን ነው? ብርሃን ነው?»

«ብርሃን አይደለም» አለች ትርፊት። «ኮከብ ሲፈነዳ የሚወረወር ብናኝ ነው። ከብርሃን እኩል ሊሮጥ ምንም አይቀረው። ጋዙ ደግሞ… ቲቸር ብርጭቆዬን አንስተው ‹ትርፊት፣ ጋላክሲው ይህ ብርጭቆ ነው። ጋዙ ቤትሽን የሞላው እንፋሎት ነው› ይሉኝ ነበር። ከብርጭቆው እንፋሎቱ ይሰፋል። ሲበርድ ወደ ብርጭቆው ተመልሶ ይወርዳል፤ ኮከብ የሚሠራው ከእሱ ነው።»

«እሺ። ብናኙ እንፋሎቱን መትቶ ያሞቀዋል?»

«እዚያ ጋ ነው የተሳሳቱት ጋሼ» አለ ፈትሁዲን። «ብናኙ በፈለገበት አይሄድም። መንገድ አለው፤ የማግኔት መንገድ። ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚወጣውን ኮሮኮንች አያውቁትም? እሱን እየነዳሁ ነው ያስረዱኝ። ባጃጁ ሲሮጥ መንገዱን ያጎረብጠዋል፤ የጎረበጠው መንገድ ደግሞ መልሶ ባጃጁን ይይዘዋል። ጨረሩም እንደዚያ ነው። የሚሄድበትን የማግኔት መንገድ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡ ያዘገየዋል። እኔ ስንቀጠቀጥ ብሎኔ ይግል የለ? እዚያም የሚባክነው ጉልበት ጋዙ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ይሆናል።»

«መሞቁ ገባኝ። መናጋቱስ?»

«እሱም እዚያው መንገድ ላይ ነው! መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ጉብታ ነበረች። የመጀመሪያው ጎማ እሷ ላይ ዘለለ፣ ሲወርድ ከፊቷ ቆፈረ። ሁለተኛው ጎማ እዚያው ዘለለ። አሁን ሄደው ይዩት፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ መስሏል። ‹ፈትሁዲን፣ ይህን ማን ቆፈረው?› አሉኝ ቲቸር። ‹ማንም› አልኳቸው። ‹አየህ፣ ጋዙም ውስጥ እንደዚሁ ነው። እንደ ድምፅ ያለ ትንሽ እርግብግቢት ይነሳል። ብቻውን ቢሆን ይጠፋ ነበር። ጨረሩ ባለፈ ቁጥር ግን ይገፋዋል፤ ያድጋል› አሉኝ።»

አቶ አቤሴሎም ፊታቸው በራ። «ለዚህ ነዋ! ለእኔ ስለ ደረጃ የነገሩኝ ለዚህ ነው! ‹አቶ አቤሴሎም፣ በሥራዎ ስንት ዓመት አንድ እርከን ላይ ቆሙ?› አሉኝ። ብዙ አልኳቸው። ‹ከዚያ በአንድ ቀን ዘለሉ አይደል? ጨረሩም እንደዚያ ነው። በሄደበት ሁሉ እኩል አይቀንስም። ሜዳ፣ ሜዳ፣ ከዚያ ገደል፤ ደረጃ ይሠራል። ጋዙን የሚያሞቀውም ሜዳው ላይ አይደለም፤ ገደሉ ላይ ነው። አንዱ ቦታ ይግላል፣ አጠገቡ ያለው ይቀዘቅዛል› አሉኝ። እኔ እኮ ስለ እድገቴ የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ በመጨረሻ ምን ይሆናል?» አለ ፈትሁዲን። «እኔን ‹አንደኛው› ብለውኝ ነው የሄዱት።»

«የቀዘቀዘው ተጓጉሎ ወደ ጋላክሲው ይወድቃል» አለች ትርፊት።

«የለም፣ የሞቀው ተገፍቶ ወደ ውጭ ይወጣል» አሉ አቶ አቤሴሎም።

«ይወድቃል!»

«ይወጣል እንጂ! እንዲህ ግሎ እንዴት ይወድቃል?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ልቅሶ ቤት መሆኑ ተረሳ። ፈትሁዲን በሁለቱ መሃል ገብቶ ወደ እኔ ዞረ። «ቆይ፣ ለምን እንጨቃጨቃለን? እትዬ መስከረም እዚህ አሉ አይደል? ለእርስዎማ ጨርሰው ነግረውዎታል። እስቲ ይፍረዱን።»

ሁሉም አየኝ። ብዙ ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ለእኔ አንድም ነገር አልነገረኝም» አልኩ። «አንድም። አንቺ ብርጭቆውን አገኘሽ፣ እሱ መንገዱን አገኘ፣ እሳቸው ደረጃውን አገኙ። እኔ ‹ምንም› ነው ያገኘሁት። በባዶ ቤት ነው የተቀመጥኩት። ለእንግዳ የሰጠውን ለእኔ ምን ከለከለው?»

 ትርፊት ፊቷ ላይ መጀመሪያ የሐዘን፣ ቀጥሎ የመገረም ነገር አየሁ።

«አንቺ ሴትዮ» አለች፣ «ቀልድሽን ነው?»

«ምን ቀልድ አለኝ?»

«የጠየቅሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ምን ጠየቅሁ?»

«‹ጋዙ ለምን አይወድቅም?› ብለሽ። ቲቸር እኮ ሲጀምሩ ሁልጊዜ ‹የመስከረም ጥያቄ› ነው የሚሉት። እኛ ጋ ስሙ ራሱ እሱ ነው።»

ቀስ ብሎ ትዝ አለኝ። መብራት ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ራት ሳይደርስ። እሱ ሰማይ እያየ «በጋላክሲው ዙሪያ ያለው ጋዝ ብዛቱ! ኮከብ ሁሉ የሚሠራው ከእሱ ነው» አለኝ። እኔ ባቄላ እየፈለፈልኩ፣ እንደ ልማዴ ያዝኩት። «ታዲያ ያ ሁሉ ጋዝ ለምን ቀዝቅዞ አንዴ አይወድቅም? ኮከቡ ሁሉ ለምን እስካሁን ተሠርቶ አላለቀም?» አልኩት። አየኝ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። መብራት መጣ፤ እኔ ወደ ምድጃዬ ሄድኩ፤ ረሳሁት።

«እኛ ላይ ሲለማመዱ ነበር» አለች ትርፊት። «አንድ ነገር ተናግረው ሲያበቁ ‹አይ፣ መስከረም እዚህ ላይ ትይዘኛለች› ብለው እንደገና ይጀምራሉ። የዚያን ቀን ሻይ ቤት ስትገቢ አላየሻቸውም? ላብ አጠመቃቸው እኮ! ስትወጪ ‹ሰምታ ይሆን? ማግኔቱ ላይ ገና አልጠራልኝም ነበር› አሉኝ።»

«እኔንማ ሰድበውኛል» አለ ፈትሁዲን። «‹ገባኝ› ስላቸው ‹አንተ ቶሎ ይገባሃል፣ ለመስከረም አትጠቅመኝም› ይሉኝ ነበር። አንዳንዴ ሆን ብዬ አልገባኝም እላቸው ነበር፤ ደስ እንዲላቸው።»

አቶ አቤሴሎም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መጨረሻው ላይ ግን እሳቸውም ተቸግረው ነበር። ‹ሊቃውንቱ ራሳቸው ገና አልተስማሙም፤ ይህን ይዤ መስከረም ፊት እንዴት እቀርባለሁ?› ብለውኛል።»

በማህደር ሥራ ረቂቅና ንጹሕ ግልባጭ የሚባል ነገር አለ። ረቂቁ ተሰርዞ፣ ተደልዞ፣ በብዙ እጅ ያልፋል። ንጹሕ ግልባጩ ለባለጉዳዩ ይሄዳል። ባለጉዳዩ እኔ ነበርኩ። ከተማው በሙሉ ረቂቅ ነበር።

መቅናቴ ግን በዚህ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ጨመረ እንጂ። ረቂቁን ከነድምፁ፣ ከነእጁ እንቅስቃሴ፣ ከነስህተቱ የያዙት እነሱ ናቸው። ለእኔ የታሰበው ንጹሑ ቅጂ አልተጻፈም። አንዲት ሴት በባጃጅ ሾፌር ላይ እንዲህ ስትቀና አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔን እዩኝ።

አሁን ከሥራ ስወጣ ትርፊት ጋ እቀመጣለሁ። ትነግረኛለች፤ እይዛታለሁ። «ያልሽው ቀድሞ ካልሽው ጋር አይሄድም» እላታለሁ። «እሳቸው ይህን ፈርተው ነው የሞቱት» ትለኛለች፤ እንስቃለን። አንዳንዴ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ይመጣና «ደግሞ ይህ ጨረር ምንድን ነው?» ይላል። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ከሥሩ እጀምርለታለሁ። መቀመጫ ይፈልጋል።

ያን የመጨረሻ ማክሰኞ ከባጃጁ ወርዶ ቤት ሲገባ፣ ለበሶ ያስቆላሁት ገብስ በከረጢት ተቋጥሮ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሳልነግረው አነሳው። «ወፍጮ ቤት ሳይዘጋ ልድረስ» አለና ተሸክሞ ወጣ። ወፍጮ ቤት በሆሳዕና ማስረዳት የማይቻልበት ብቸኛ ቦታ ነው፤ ከጩኸቱ የተነሳ የራስህን ድምፅ አትሰማም። ስለዚህ ቶሎ ተመለሰ። ትከሻው፣ ቅንድቡ፣ የጆሮው ጫፍ ዱቄት ለብሷል። ከረጢቱን ፊቴ አስቀምጦ አፉን ፈታልኝ።

«ጠጠር የለውም?» አልኩት።

«እኔ አይቼዋለሁ። አንቺም እይው» አለኝ።

እጄን ከትቼ በጣቶቼ መሃል አሸሁት፤ ቆንጥሬ ቀመስኩት። በደንብ ልሟል። የማርመው ነገር ፈልጌ አጣሁበት።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ዱቄቱን ወደ ዕቃው ገለበጠ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ባዶውን ከረጢት በረንዳ ላይ አራግፎ አጥፎ አስቀመጠው።